የእህቴ ስልክ ቁጥር አይካፈልም

እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት እንጂ ልብስ ሰፊ አይደለችም። ይህን የማያውቅ ሰው ቀሚስ ይዞ ሲመጣ ሦስት ቤት አልፎ ወዳለው ልብስ ሰፊ ትሰደዋለች። ለምን ስትባል፣ ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ አረገዝኩ ብሎ ይመለሳል፤ መስኮት ግን አንዴ ከተለካ ቃሉን ይጠብቃል ትላለች። ሰፈርተኛው እትዬ ልኬ ነው የሚላት። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም፤ ነገር ሁሉ ልክ ካልሆነም አይዋጥላትም። እኔ የመጨረሻ እህቷ ነኝ። ቁመቴን፣ ትከሻዬን፣ ወገቤን ስትለካ ነው ያደግኩት። ምላሴን ግን እስከ ዛሬ ለክታ አልጨረሰችውም።

የምትሠራው እዚያው ቤታችን፣ መንገድ ዳር ባለው ክፍል ነው። መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ በመስኮቱ በኩል በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉ የጨርቅ ጣቃዎች፣ ከመኪናው አጠገብ ባለች መደርደሪያ ላይ ደግሞ ስልኩ። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ታፔላ «የመጋረጃ ሥራ» ይልና ከሥሩ ቁጥሩን ይዟል፤ 10 47 29። ስልኩ ሲጮህ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ሳታነሳ በአንድ እጇ ታነሳውና «አቤት፣ መጋረጃ ቤት» ትላለች።

እናታችን ስትሞት እህቴ አራተኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት የሄድነው እኛ ታናናሾቿ ነን፤ እሷ ደብተር ገዛችልን። ስለዚህ ሒሳብን የተማረችው ከጨርቅ ነው። የመጋረጃ ሥራ እንዳለ ማካፈል ነው። የጨርቁ ስፋት ይህን ያህል ከሆነ ስንት ሽንሽን ይወጣዋል፣ በሽንሽኑና በሽንሽኑ መሀል ስንት ሴንቲ ይሆናል፣ ቀለበቱ የት የት ላይ ይውላል፤ ሁሉም እኩል መሆን አለበት። መቶ ሃያ የሚባል ቁጥር በጣም ትወዳለች። በሁለት በሉት በሦስት፣ በአምስት በሉት በስምንት እሺ ባይ ነው። መቶ ሃያ ሰባት ሲገጥማት ግን ፊቷን ታጠቁራለች። እንዲህ ያለውን ልበ ደረቅ ቁጥር ትለዋለች። አንድ ሴንቲ ተርፎ ጫፍ ላይ ቢቀር ከእሷ በቀር የሚያየው የለም፤ እሷ ግን ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች።

በዚያ ዓመት እኔ የላቦራቶሪ ትምህርቴን ጨርሼ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ወንድሞቻችን ቀደም ብለው ትዳር ይዘው ወጥተዋል። እኔ ስሄድ ቤቱ ውስጥ የምትቀረው እሷ ብቻ ነበረች። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፤ ሁለታችንም አናነሳውም። ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር። ያላገባችው ጠያቂ አጥታ አይደለም፤ እኛን ስታሳድግ ጠያቂዎቿ ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። ይህን ሳስብ ይከፋኛል። ሲከፋኝ የምቆጣ ሰው ስለሆንኩ ግን፣ ሰሞኑን ሁሉ በረባ ባልረባው እጮህባት ነበር፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ መብራቱ ለምን አልጠፋም፣ ይህ ክር እግሬ ላይ ተጠመጠመ እያልኩ።

ቲቸር ቀሪ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ቀሪ ያሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ አካፍለው በጨረሱ ቁጥር «ቀሪውስ?» እያለ ስለሚጠይቃቸው። አንድም ቀን ከሥራው ቀርቶ የማያውቅ ሰው ቀሪ መባሉን ራሱ እየሳቀ ነው የነገረን። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ የለውም። ሁለት መስኮት ያለው ክፍል ተከራይቶ መጋረጃ ሊያዝ መጣና ጨርቅ ለመምረጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀ፤ በመጨረሻ የመረጠው ደግሞ ግራጫውን። ከዚያ በኋላ ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ ይደውል ጀመር፣ እንዳልደረሰ እያወቀ። እህቴም «ገና ነው» ለማለት ስልኩን የምትይዝበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። ለእኔ ዝም ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

መጋረጃው ደርሶ ሊወስድ የመጣ ዕለት የዳቦ ቤቷ ባለቤት ለሱቋ በር የሚሆን መጋረጃ ልታዝ ተቀምጣ ነበር። ይህች ሴት ዳቦና ወሬ አብራ የምትሸጥ ናት። ቲቸር ቀሪ ግን እሷንም እኔንም ያየ አይመስልም። ኮቱን እስከ ላይ ቆልፏል፣ ፊቱ በርቷል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ እህቴ ፊት ቆመ።

«የእርስዎ ስልክ ቁጥር እኮ ብቸኛ ነው» አላት።

እህቴ መቀሷን አስቀመጠች። «ምን አሉ?»

«ብቸኛ። ስንት ምሽት ሞከርኩት መሰለዎት። ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም አይካፈልም።»

የዳቦ ቤቷ ባለቤት ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በቲቸር ቀሪ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። እሱ ሊቀጥል አፉን እንደከፈተ እህቴ ተነሳች። መጋረጃውን አጠፈችው፣ በወረቀት ጠቀለለችው፣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያም ልክ ነው፣ ቤትዎ ሄደው ይስቀሉት ብላው በሩን ከፍታ ቆመች። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ደጁ ላይ ሆኖ «ገና አልጨረስኩም እኮ» ሲል በሩ ተዘጋ።

ያን ቀን ማታ እንባዬ እስኪመጣ ከሳቅኩ በኋላ ነገሩን አስረዳኋት። ስድብ አይደለም፣ የቁጥር ስም ነው፤ እንደ ሰባት፣ እንደ አሥራ ሦስት ያለው፣ ቀሪ ሳይተርፍ ለሌላ የማይካፈለው ቁጥር በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ነው የሚባለው፤ አንቺ ያቋረጥሽው ይህ ትምህርት ሳይደርስ ስለሆነ ነው አልኳት። መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስሙን ያወጣለት ሰው ዝም ብሎ አላወጣለትም» አለች።

 ክሩን ቋጠረችና ቀጠለች። ቁጥሩን ባታውቅም ብቸኛ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ፣ ቆጥሮና አካፍሎ፣ ብቸኛ መሆኗን አረጋግጦ ሰው ፊት ሊነግራት መጣ። እኔም በተራዬ፣ የሰው ስልክ ቁጥር ይዞ የሚያመሽ ወንድ የሚፈልገው ስልኩን አይደለም አልኳት። ይህንን ላለመስማት ፔዳሉን ረገጠችው። መኪናው ሲጮህ ከእሷ ጋር መከራከር አይቻልም።

ወሬው በማግስቱ ከዳቦው ጋር ትኩስ ትኩሱን ተሸጠ። መንገድ ላይ «እትዬ ልኬ፣ ስልክሽ ስንት ነበር?» የሚሏት በዙ። ፈገግ ብላ ታልፋቸዋለች፤ ቤት ስትገባ ግን ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ትወረውረዋለች። ቲቸር ቀሪ ሲደውል ደግሞ ድምፁን እንደሰማች ስልኩን ትዘጋበታለች። አንድ ጊዜ እኔ አነሳሁት። ያለው ነገር እንዴት እንደተሰማ አንድ የሥራ ባልደረባው ገና ያን ቀን እንዳስረዳው፣ በጣም እንደደነገጠ ነገረኝና ሊያስተካክለው ሞከረ። ተራ ቁጥር እንዳይመስላት፤ ከሁለት ተነስተን ብቸኛ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ብንቆጥር የእሷ በትክክል አሥር ሺሕኛው ላይ ይውላል፤ በሰንጠረዥ አይቶ አረጋግጧል። ይህ እንደሚያስደስታት ምንም አልተጠራጠረም። እኔም ሞኟ እንዳለ ነገርኳት።

«ለካ ወረፋም አለው» አለች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ቤታችን ውስጥ አልተነሳም፤ እሱም መደወሉን ተወ።

ክረምቱ ገባ። የእኔ መሄጃ እየቀረበ ሲመጣ እህቴ ለምገባበት ክፍል መጋረጃ ልስፋ አለች። መስኮቱን ሳታዪው እንዴት ትሰፊያለሽ ብላት ያላየኋትን አከራዬን ደውላ፣ ከላይ አንዴ፣ ከመሀል አንዴ፣ ከታች አንዴ አስለካቻት። ሴትዮዋ ሜትር የለኝም ብትላት ስንዝሯን በማስመሪያ ካስለካች በኋላ መስኮቱን በስንዝር አስቆጠረቻት። አምሽታ ስትሰፋ አያትና እናደዳለሁ። ይህን ለእኔ የምትሰፋ ሴት እኔ ስሄድ ለማን ትሰፋለች እላለሁ በልቤ። ለደንበኛ መስፋት ሌላ ነገር ነው።

በዚያው ሰሞን የስልክ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ አወጣ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በአካባቢያችን ስልኮች ሁሉ ፊት «4» የሚል አንድ አሃዝ ይጨመራል ተባለ። እኔ እስክሪብቶ አንስቼ አሃዞቹን ደመርኩና ሃያ ሰባት መጣልኝ። ድምሩ ለዘጠኝ የሚካፈል ቁጥር ራሱም ለዘጠኝ ይካፈላል፤ ይህችን ከትምህርት ቤት አልረሳኋትም። ተገላገልሽ አልኳት፤ አዲሱ ቁጥርሽ ለሦስትም ለዘጠኝም ይካፈላል፣ ልበ ደረቅነቱ ቀረ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ቀለም ቀቢው መሰላሉን ይዞ ታፔላውን ሊያስተካክል ሲመጣ ሳምንት ና አለችው። በሳምንቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሳምንት ቀጠረችው።

ምን ሆነሽ ነው ስላት ቁጥሩን ለምጄዋለሁ አለች። ከዚያ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል፦

«ያን ቀን ገና አልጨረስኩም ያለው ምን ሊል ኖሯል?» አለች።

ይህን ሁሉ ወር ይህቺን ቃል ይዛ ከርማለች። እኔ ደግሞ ረስቼው ነበር። በማግስቱ የእረፍት ሰዓት ጠብቄ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ቲቸር ቀሪ ጠመኔ የነካው ኮቱን ለብሶ መምህራኑ ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጦ ፈተና ያርማል። የእህቴን ጥያቄ ስነግረው እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። እንዲቀልለው ብዬ ምክንያት ፈጠርኩለት፤ መጋረጃው አራት ሴንቲ አጥሮብኛል ብለው ይደውሉ፣ ሥራዋ ላይ እንከን ወጣ ከተባለ ራሷ ሮጣ ትመጣለች አልኩት።

እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። መጋረጃው ልክ ነው፣ መሬት ሊነካ ጣት ሲቀረው ነው የሚቆመው፤ እንዴት አጠረ እላለሁ አለኝ። ደሜ ፈላ። እንግዲያው እውነቱን ይዘው ይምጡ፣ ግን ቶሎ ይጨርሱት፣ እኔ መንገደኛ ነኝ ብዬው ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ድንገት እንዳትገባ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። እህቴ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ጠርዙን በእጅ ትቀመቅማለች። ይቀመጡ አለችው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ቀን አልጨረሱም ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ይጨርሱ።»

ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ያየውን ቁጥር ሁሉ የማካፈል አመል አለበት፤ የመኪና ታርጋ፣ የቤት ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር። አብዛኛውን እስከ አሥራ አንድ ወይ እስከ አሥራ ሦስት ሞክሮ ይተወዋል። የእሷን ግን ሊተወው አልቻለም። እስከ መጨረሻው ሄደ። በዚህ ጊዜ የእህቴ መርፌ ቆመ።

መጨረሻው የት ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም ደስ እያለው ነገራት። እስከ ቁጥሩ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ቁጥር ትልቅ አካፋይ ካለው ከእሱ ጋር የሚባዛ ትንሽ ጓደኛ ይኖረዋል፣ ትንሹ ደግሞ ቀድሞ ይገኛል። ስለዚህ በራሱ ሲባዛ ወደ ቁጥሩ የሚጠጋውን ፈልጎ እዚያ ላይ ማቆም ነው። ያ ቁጥር ሦስት መቶ ሃያ ሦስት ሆነ። በራሱ ሲባዛ መቶ አራት ሺሕ ሦስት መቶ ሃያ ዘጠኝ ይመጣል። የእሷ ስልክ ከዚህ የሚበልጠው በአራት መቶ ነው።

«አራት መቶ ደግሞ» አለ፣ «ሃያ በሃያ ነው።»

እንድንደነቅ ጠበቀን። ማናችንም አልተደነቅንም። ይህ ሰው ለዚህ ነው እንዴ የመጣው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

እህቴ ግን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። በጨርቅ ካልሆነ አይገባኝም አለችና የጥቅል ወረቀት ስባ በጠመኔ ሣለች። ሦስት ሜትር ከሃያ ሦስት በሦስት ሜትር ከሃያ ሦስት፣ አንድ ትልቅ ካሬ። ከጎኑ ሃያ ሴንቲ በሃያ ሴንቲ፣ መሀረብ የምታህል ሌላ ካሬ። ከዚያ ትልቁን በራሷ መንገድ አባዛችው፤ መጀመሪያ ሦስት መቶውን፣ ከዚያ ሃያውን፣ ከዚያ ሦስቱን። የትንሿን አራት መቶ ጨመረችበት። ወረቀቱን አዞረችና የበሩን ታፔላ የምታነብ ይመስል ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ አሥር፣ አርባ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ።

«ልክ ነው» አለች። ይህ ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ቀላል አይደለም። «ሌላ አከፋፈል የለውም?»

«የለውም። ለአራት ሲካፈል ቀሪው አንድ የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ሁሉ እንዲህ ሁለት ካሬ ይወጣዋል፤ ግን በአንድ መንገድ ብቻ። ሌሎች ሁለት ካሬዎች ቢፈልጉ አያገኙም። ከብዙ ዘመን በፊት የተረጋገጠ ነው።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ያን ቀን ልነግርዎት የመጣሁት ይህን ነበር። ብቸኛ ነው ብዬ፣ ቀጥዬ ግን የተሠራው ከሁለት ነው ልል ነበር። ግማሹን ሰምተው ዘጉብኝ።»

 እህቴ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ ብላ ጠየቀችው።

«ትልቁ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ትንሿስ?»

ራሰ በራውን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። እዚህም ላይ መዋሸት አልሆነለትም።

«ሃያዋ እኔ ነኝ» አለ።

 እህቴ መርፌዋን ከጨርቁ ላይ ነቀለች፤ ክሩን ጠበቅ አደረገችው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ አደረገች።

«እኔ ሃያ ሴንቲ ጨርቅ ጥዬ አላውቅም» አለች።

እሱ እንደልማዱ አልገባውም። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። አሥር ሺሕኛውን ቁጥር ፈልጎ ያገኘ ሰው ይህቺን ማወቅ አቃተው።

«እሺ ማለቷ ነው፣ ቲቸር» አልኩት።

በወሩ መጨረሻ ሻንጣዬንና የመስኮቴን መጋረጃ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ቀን ነው። ብቻዋን ደጁ ላይ ቆማ ስታየኝ፣ ከዚያ ወደ ባዶው ቤት ስትመለስ በሐሳቤ ስንት ጊዜ አይቼው ነበር። እንደ ልማዴ ተቆጣሁና ነጂውን ምን ትጠብቃለህ፣ ንዳ አልኩት። መኪናው ሲነሳ ግን አልቻልኩም፣ ዞሬ አየሁ። ደጁ ላይ ቆመው የሚሸኙኝ ሁለት ነበሩ።